ያልተመዘነው ዳቦ

ሰው ሁሉ ስደቱን የሚቆጥረው መጀመሪያ ከወጣበት ቀን ነው። እኔ ግን የምቆጥረው ከሁለተኛው ነው። ዲቪ ደርሶኝ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ስወጣ ወንደላጤ ነበርኩ፤ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሼ ዘሃራን አገባሁ፣ ጫጉላችን በቅጡ ሳያልቅ መመለሻዬ ደረሰ። ያን ዕለት መግሪብ ተሰግዶ የአጎቴ ልጅ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ሲጠብቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጫማዬን ሁለቴ አሰርኩት። ኢክራም በሆዷ መሆኗን ያኔ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ዘሃራ ድፎ ዳቦ ጋግራ በኮባው እንደተጠቀለለ በነጠላ ቋጥራ ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ስለነበር ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ሱሪዬን አልፎ ይሞቀኛል።

«እዚያ ዳቦ የለም ያለሽ ማነው?» አልኳት፣ ለቅሶዬን ለመደበቅ።

«የነሱ ዳቦ ጥጥ ነው ያልከው አንተው ነህ» አለችኝ። «አብሽር፣ እሱ ሳያልቅ እመጣለሁ።»

ዳቦው ገና አሜሪካ ስገባ፣ ደለስ አየር ማረፊያ ላይ አለቀ። እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የኔ ነገር ሁሉ የተጀመረው እዚያ ይመስለኛል። አንድ ወፍራም የጉምሩክ መኮንን ነጠላውን ፈታና ኮባውን በጓንቱ ጫፍ ነካው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው። ሚስቴ የጋገረችው።»

«ዳቦውን አይደለም። ላዩ ላይ ያለው።»

ኮባን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። «ቅጠል ነው። ሙዝ የሚመስል ተክል አለ፣ ግን ሙዝ አያፈራም» አልኩት።

«ሙዝ ካላፈራ ለምን ትተክሉታላችሁ?»

«ለዳቦ።»

ጓደኛውን ዞሮ አየው። ቅጠል ወደ አገሩ አይገባም አለኝ። ልላጠው ስለው ቅጠሉ ከዳቦው ጋር ተጣብቋል፣ አይሆንም አለ። የቆሻሻ በርሜሉን በእጁ አሳየኝ። ዳቦውን አንስቼ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁትና ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ እንዳይወረወር ብዬ።

«ለምንድን ነው የሳምከው?» አለኝ፣ አሁን ከምሩ ተጠራጥሮ።

«ስለምጥለው።»

ፓስፖርቴንና ግሪን ካርዴን እንደገና አገላብጦ አየ፣ መለሰልኝና «ዌልካም ሆም» አለኝ።

ከጋብቻዬ በፊት ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ከሐበሻ ልጆች ጋር በደባልነት ነበር የምኖረው። አሁን ግን ባለትዳር ነኝ፣ ነገ ሰው ይመጣብኛል ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት፣ ከቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ፈለግኩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ፤ የጎጃም ሴት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው እዚሁ ራቅ ብሎ ጀርመንታውን የሚኖሩ፣ እሳቸው ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ቃለ መጠይቁ በር ላይ ቆመን ነው የተካሄደው።

«ሚስት አለህ?»

«አለችኝ። አገር ቤት ናት።»

«እሰይ። ሚስቱ እዚህ ያለችበት ሻወር ያበዛል።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ስምህ አንዋር ነው አይደል? ሥጋ የምትገዛው ከእናንተ ቤት ነው፣ እኔ ከኛ ቤት ነው። ድስት እንለያለን። ያንተ ድስት እጀታው ላይ ቀይ ክር አስርልሃለሁ። ቂም አይያዝ።»

«ኧረ ምን ቂም አለው፣ እትዬ።»

«ዳቦውና ቡናው የጋራ ነው» አሉ፣ ቁልፉን ሰጡኝ።

ክረምቱ ገባ። የኮምቦልቻ ሰው ብርድ የሚያውቀው ደሴ ሲወጣ ነው፤ ደሴ ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጠው ሰዎች የዚህን አገር ብርድ ብናይ ጋቢውን አውልቀን ለሰው እንሰጥ ነበር። የሂተሩ መቆጣጠሪያ ላይኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ነው፣ እትዬ የፕላስቲክ ሳጥን ገጥመውበት በቁልፍ ቆልፈውታል። «እትዬ፣ ታች ይበርዳል» ስላቸው፣ «ታች ስለሆንክ ነዋ» ይሉኛል። ጃኬቴን ለብሼ እተኛለሁ።

ኢክራም በዚያ ክረምት ተወለደች። ያየኋት በስልክ ነው። እናትና ልጅን የማስመጫ ማመልከቻውን ወዲያው አስገባሁ፤ እግዜር ይስጠው ጠበቃው ሐበሻ ነው፣ አልደበቀኝም። «አንድ ቀን ፓርኪንግ፣ አንድ ቀን በአፕ ሹፌር ሆነህ ስፖንሰር አትሆንም» አለኝ። «ኤምባሲው የሚያየው ደብሊው ቱ፣ የዓመት ደመወዝህን ማስረጃ ነው። በቋሚነት የቀጠረህ መሥሪያ ቤት ይጽፍልህ። እሱን ካመጣህ እናትና ልጅ ይመጣሉ፣ ካላመጣህ ባዶ እጃቸውን ኤምባሲ አትላካቸው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ስበላም ስሰግድም እሱን ነው።

እንግዲህ የቆሻሻ ማቃጠያው ሥራ የመጣው ኢክራም ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። አገር ቤት ኬሚስትሪ ተምሬ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ያንን አይቶ ኮል አደረገኝና ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ተቋም ጊዜያዊ ሥራ አለ አለኝ። አለቃው ክሬግ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሁልጊዜ ካሮት የሚያኝክ ሰው። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶም ማቃጠያዎች አሏቸው። እዚያ ሕጉ እየተቀየረ ነው፤ ማቃጠያ የሆነ ሁሉ በጭሱ ለሚያወጣው ካርቦን ከገበያ ፈቃድ ሊገዛ ነው። እዚህም ዛሬ ባይሆን ነገ ይመጣል ብለው ቀድመው መሰናዳት ፈልገዋል።

«ግን ካርቦን ሁሉ እኩል አይደለም» አለ ክሬግ፣ ካሮቱን እያወዛወዘ። «ይሄ ከመሬት የበቀለ ነው። ቢቃጠል መሬት መልሳ ትስበዋለች፣ አይቆጠርብንም። ፕላስቲክ ግን ከፔትሮል ነው የተሠራው፣ እሱ ይቆጠርብናል። ስለዚህ ከምናቃጥለው ውስጥ ስንቱ ካሮት፣ ስንቱ ፕላስቲክ እንደሆነ ማወቅ አለብን።»

ማወቂያው ደግሞ እጅ ነው። አዎ፣ በሰው እጅ። ክሬኑ ከጉድጓዱ አንድ ጭብጥ ያነሳና ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል፤ እኛ ጓንትና ጭንብል አድርገን ረጅም ጠረጴዛ ላይ እየለየን በርሜል በርሜሉ እንከታለን፤ ምግብ እዚህ፣ ወረቀት እዚህ፣ ፕላስቲክ እዚያ፣ ጨርቅ እዚያ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የለየው ድርሻ ለብቻው ይመዘናል። ምንጣፍና ካልሲ ያጨቃጭቃሉ፣ ጥጥ ነው ናይለን ነው እየተባለ። የሕፃን ዳይፐር ግማሹ ወረቀት ግማሹ ፕላስቲክ ተብሎ ይያዛል። የሰው አገር ሰው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚደብቅ፣ ስንት ያልተከፈተ ስጦታ እንደሚጥል አወቅኩ። ይህን ሁሉ ለዘሃራ አልነገርኳትም። «ላቦራቶሪ ነው» አልኳት፣ ትንሽም እውነት አለው።

ጠረኑን ስለማይችሉት የቀጠሯቸው ሰዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ይጠፋሉ። ክሬግ ሲጨንቀው «ሰው ታውቃለህ?» አለኝ። ሐበሻ ሰው ታውቃለህ ሲባል ምን ያደርጋል? ሆቴሉ እትዬ ብዙነሽን ሠራተኛ ቀንሻለሁ ብሎ አሰናብቷቸው ነበር፣ እሳቸውን አመጣሁ። ሙሉጌታን አመጣሁ፤ ሀያትስቪል የሚኖር ጴንጤ ወንድማችን ነው፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ ሥራ ላይ በለሆሳስ የሚዘምር። ሦስት ሆንን፣ ጠረጴዛው የኛ ሆነ። ክሬግ ደስታውን አልቻለም። ማንም አይቀርም፣ ማንም አያማርርም። «ይሄ ቴስት ካለፈ አንተን በቋሚነት እቀጥርሃለሁ፣ ናሙናውን በኃላፊነት የምትይዘው አንተ ነህ» አለኝና እጄን ጨበጠኝ። ያን ዕለት ለዘሃራ ደውዬ ሻንጣ ግዢ አልኳት። የኤምባሲው ቀጠሮም ብዙም ሳይቆይ መጣ። ኢንሻአላህ ከማለት በቀር ምንም የቀረኝ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት በኔ መኪና እንሄዳለን። ወንበሩ ላይ ፕላስቲክ አንጥፌያለሁ፣ ስንመለስ በብርድም ቢሆን መስኮት ከፍተን ነው። እትዬ ኋላ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ ሙሉጌታ ከጎኔ ይዘምራል፣ እኔ ቢስሚላህ ብዬ የወንዙን ድልድይ እሻገራለሁ። ፖሊስ ቢያስቆመን ምን እንደሚል አላህ ይወቀው።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ። አሜሪካኖች ዳቦ አይጨርሱም። ሙሉውን ዳቦ፣ ከነላስቲኩ፣ ከላዩ ሁለት ቁራሽ ብቻ ተነስቶ ይጥሉታል። የመጀመሪያ ቀን አንዱ እትዬ እጅ ላይ ሲመጣ አየሁ። ላስቲኩን ወደ ፕላስቲክ በርሜል ጣሉ፣ ትክክል ነው። ዳቦውን ግን ይዘው ቆሙ። ምግብ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የበሰበሰ ሥጋ፣ የድመት አሸዋ የነካው ሰላጣ፣ ትል። እትዬ ዳቦውን አዩ፣ በርሜሉን አዩ። ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው እንደ መሳም አሉና ከኋላቸው ባለው ከፍ ያለ የግንብ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። እኔም አየሁ። ምንም አልመሰለኝም። ዳቦ መሬት ወድቆ ሲገኝ አንስተህ፣ ስመህ፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ታስቀምጣለህ፤ ይህን ደግሞ ማን ያስተውለዋል? ትንሽ ቆይቶ የኔም እጅ ላይ አንድ መጣ። እኔም አስቀመጥኩ። ሙሉጌታም። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ከመሀላችን አንድ የሌላ አገር ሰው ቢኖር ኖሮ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ይለን ነበር። አልነበረም።

ጠርዙ ሲሞላ እትዬ ሰብስበው ከጀርባ በር ያወጡትና የአጥሩ ግንብ ላይ ለወፍ ይደረድሩታል። ነጫጭ የወንዝ ወፎች ይመጣሉ፣ ሲጮሁ ጆሮ ይበጥሳሉ። «ሲያዩዋቸው ርግብ፣ ሲጮሁ ጅብ» ይሉ ነበር እትዬ፣ ግን ይወዷቸዋል።

እኔ ኬሚስት ነኝ። የዳቦ ካርቦን እንደማይቆጠር፣ የፕላስቲክ እንደሚቆጠር ለእትዬና ለሙሉጌታ በአማርኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከጠረጴዛው ላይ ዳቦ ባነሳን ቁጥር የቀረው ቆሻሻ ይበልጥ ፕላስቲክ እየመሰለ እንደሚሄድ አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ይገባኝ ነበር። ዳቦውን ግን እንደ ናሙና አይቼው አላውቅም። ዳቦ ነው።

ቴስቱ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ የኛ ጠረጴዛ ነው። ሌላው ከጭስ ማውጫው የተቀዳ ጭስ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ካርቦኑ ከበቀለ ነገር ይሁን ከፔትሮል የሚለይበት ነው። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። አልተቀራረቡም። ጭሱ ብዙ ምግብ ተቃጥሏል አለ፣ ጠረጴዛው ብዙ ፕላስቲክ አለ። ጠረጴዛው ከታመነ ባለቤቶቹ የማይገባቸውን ፈቃድ ሊገዙ ነው፣ ካልታመነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የምታጣራ ሴት ተላከች። ሊንዳ ትባላለች፣ ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ሴት። ሚዛኑን ፈተነች፣ ትክክል ነው። በርሜሎቹን አየች፣ ንጹሕ ነው። አመሰገነችን። ልትወጣ የጀርባውን በር ስትከፍት ወፎቹ ተነሱ።

«ይሄን ሁሉ ወፍ ማነው የሚቀልበው?» አለች።

ክሬግ ሳቀ። ከዚያ ግንቡ ላይ የተደረደረውን ዳቦ አየና ሳቁ ቆመ። ሊንዳ አንዱን አነሳች።

«ይሄ ከጠረጴዛው የመጣ ነው?»

«አዎ» አልኩ። በዚያች ቅጽበት ነው ሁሉም የገባኝ፣ ጭሱም፣ ፕላስቲኩም፣ ሻንጣውም።

«ለምን አልተመዘነም?»

«መጣል አልቻልንም።»

«ሃይማኖታዊ ነው?»

«አይደለም።»

ወደ እትዬ ነጠላ አየች። «እሳቸው ሙስሊም ናቸው?»

«ኦርቶዶክስ ናቸው። ሙስሊሙ እኔ ነኝ። እሱ ፕሮቴስታንት ነው።»

«ሶ፣ ሦስቱም ሃይማኖት ዳቦ መጣል ይከለክላሉ?»

«ማንም አልከለከለንም። ዳቦ ስለሆነ ነው።»

ለመጻፍ ብዕሯን አንስታ ቆመች። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ። «መመሪያው የምግብ ዘር ሁሉ ወደ ምግብ በርሜል ይላል። ዳቦ ምግብ አይደለም?»

«ነው። ችግሩም እሱ ነው» አልኳት።

ክሬግ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ሊንዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማነው የጀመረው? አንድ ሰው ነው ወይስ ሁላችሁም?» አለች።

እትዬ እጄን ያዙኝ። «ምን አለች?»

ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ በላት» አሉ ወዲያው። «ብቻዬን ነኝ በል። አንተ ፊትህን አዙረህ ሚዛን ላይ ነው የምትውለው፣ አላየህም። እሱም አላየም።»

«እትዬ…»

«ልጅ አለህ! አሮጊት ናት፣ አላወቀችም በላት። ሰማህ? ተናገር እንጂ!»

«ምን አሉ?» አለች ሊንዳ።

ሙሉጌታ እንግሊዝኛም አማርኛም ይሰማል፤ ጫማውን ነው የሚያየው። እትዬ በጓንታቸው ክንዴን ጨብጠውኛል። ከፊቴ ደግሞ ግንቡ ላይ፣ ያን ዕለት ጠዋት ራሴ ስሜ ያስቀመጥኩት ቁራሽ አለ፣ ጫፉን ወፍ ነክሶታል።

«ሁላችንም ነን ነው የሚሉት» አልኳት።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ጀግና ብሆን ኖሮ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር። እናቴን የሚያህሉ ሴት ክንዴን ይዘው እያሉ፣ እሳቸውን አሳልፌ የምሰጥበት ቃል አፌ ውስጥ አልተገኘም፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አጣሁ። ለኢክራም ስል መዋሸት ነበረብኝ የሚል ካለ አልከራከረውም። እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን የምለው እሱኑ ነው።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን። ማንም አልዘመረም፣ ማንም አልደገመም። እትዬ ከኋላ፣ «ውሸት እንኳ አትችልም?» አሉኝ። «የተማርክ ሰው ነህ። አንዲት ውሸት ብለምንህ!» ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሙሉጌታ «ወንድሜ፣ ጌታ መንገድ አለው» አለኝ። አሜን አልኩ። የት እንደሆነ ግን እሱም አላሳየኝም።

በማግሥቱ ክሬግ ኮል አደረገኝ። ካሮት እያኘከ አልነበረም። «አልተቆጣሁህም» አለኝ፤ እዚህ አገር አልተቆጣሁህም ካሉህ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። እስካሁን የሠራነው ናሙና በሙሉ ውድቅ ሆኗል፣ ከሌላ ድርጅት ሌላ ቡድን መጥቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ባይለው ይሻለው የነበረውን ነገር አለ።

«ታውቃለህ፣ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ የሱን ድርሻ ቆርጠን ጥለን የሌሎቻችሁን እናድነው ነበር። ሊንዳ የጠየቀችህ ለዚያ ነበር።»

«ገብቶኛል።»

«እና ለምን…» ብሎ ተወው። «አይ አም ሶሪ ማን» አለኝ። ደግ ሰው ነው። በሱ መናደድ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ በሊንዳም፣ በወፎቹም።

ጠበቃው ዘንድ ደወልኩ። ቀጠሮው ይራዘምልኝ አልኩት። «ይራዘማል፣ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ተራ ይይዛል፤ እንደገና መቼ እንደሚጠሩ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ» አለኝ። ሌላ ስፖንሰር ፈልግ አለኝ። ማንን? የማውቀው ሰው ሁሉ ወይ የራሱን ሰው እየጠበቀ ነው፣ ወይ እንደኔ በአፕ የሚነዳ ነው። ምን ትበላለህ ብሎ የሚጋብዝህ ሞልቷል፤ ለኤምባሲ ፈርምልኝ ስትለው ግን ስልኩ አውቶቡስ ውስጥ ይሆናል፣ አይሰማም።

እኩለ ቀን አካባቢ እትዬ ወደ ታች ወረዱ። ከመኪናው ከወረድን ጀምሮ አላነጋገሩኝም ነበር። ደረጃው ላይ ቆመው አንድ ትንሽ ቁልፍ ዘረጉልኝ፤ በድስቴ ላይ ያሰሩት ዓይነት ቀይ ክር አስረውበታል።

«የሂተሩ ነው» አሉ። «እንደፈለግክ አሙቀው።»

«እትዬ፣ እርስዎም እኮ አሁን ሥራ የለዎትም…»

«ዝም በል። ልጅቷ ስትመጣ ቤቱ ሞቆ ይጠብቃት።»

ሥራው እንደሄደ ያውቃሉ፣ ቀጠሮው እንደተበላሸ ግን አልነገርኳቸውም። ቁልፉን ተቀበልኩ። ወጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩና ቁጥሩን ከፍ አደረግኩ፤ ወርጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ውስጥ ሙቀቱ ሲነሳ ተሰማኝ። ይህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም፣ ጃኬቴን ግን አላወለቅኩም።

ስልኩ ጠራ። እዚህ ቀትር ከሆነ ኮምቦልቻ ምሽት ነው፣ ዘሃራ በየቀኑ የምትደውልበት ሰዓት ነው። ቪዲዮውን ከፈትኩት። ኢክራም ስልኩን ከእናቷ እጅ ቀምታ ፊቷን አስጠግታዋለች፣ የሚታየኝ አፍንጫዋ ብቻ ነው። ስልክ የሆነ ነገር ሁሉ ለሷ አባ ነው፤ የጎረቤትም ስልክ ቢጠራ «አባ!» ትላለች አሉ። ከኋላዋ ግድግዳው ሥር አዲሱ ሻንጣ ቆሟል፣ ላስቲኩ ገና አልተላጠም።

«ደብዳቤው መጣ?» አለች ዘሃራ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ። «መሥሪያ ቤትህ ጻፉልህ? ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው። እናትህ ከጠዋት ጀምራ ሦስቴ መጣች።»

አፌን ከፈትኩ። ኢክራም በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ ነበር፣ ስልኩን ልትስም ስትል ዳቦው ከእጇ ወደቀ። ስልኩን አልጋው ላይ ጣለችው፤ ዘሃራ አንስታ ስታዞርልኝ ልጄ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ስትል አየኋት።

«አንሺው፣ እሙዬ» አለች ዘሃራ። «እንዴት ነበር? አሳዪው ለአባ።»

ልጄ ዳቦውን በሁለት እጇ አነሳች። ሳመችው። ግንባሯን አስነካችው። ከዚያ በእግሯ ጣት ቆማ፣ እየተንጠራራች፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና ወደኔ ዞረች፤ ምን እንደምላት ትጠብቃለች።

«አየህ?» አለች ዘሃራ እየሳቀች። «ማንም ሳያስተምራት፣ እኔን እያየች ነው የለመደችው። ኧረ አንተ፣ ደብዳቤውስ?»

«ጎበዝ» አልኳት ለልጄ። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።» ሌላ ነገር ልናገር ብዬ ብሞክርም እሱኑ ነው የደጋገምኩት፣ ዘሃራ መሳቋን እስክታቆም ድረስ።